የአታሚው ፍራንክሊን የማታ ሒሳብ

ማታ ከሥራው ተመልሶ፥ ቀኑ በምን እንዳለፈ ቢጠይቁት የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። በጽሕፈት ቤት የሚያገለግለውም፥ በሱቅ የሚነግደውም፥ ተማሪውም በዚህ ያማርራል። ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ቤንጃሚን ፍራንክሊን የተባለው አሜሪካዊ ቀኑን እንዴት ይቈጣጠር እንደ ነበረ ስማ። በሃይማኖት ነገር አስተማሪ አድርጌ አላቀርበውም፤ በሥራ ግን ትጉህ ነበረ።

ፍራንክሊን በፈረንጅ ቍጥር በ1706 ዓመተ ምሕረት በቦስተን ከተማ ከሻማና ሳሙና ሠሪ አባት ተወለደ። ትምህርት ቤት የቈየው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው። በ12 ዓመቱ አታሚ ለነበረው ለታላቅ ወንድሙ ለጄምስ ተለማማጅ ሆኖ ገባ። በ1723 ኰብልሎ ወደ ፊላዴልፊያ ሄደ፤ በ1728ም ከአንድ ባልንጀራው ጋራ የራሱን ማተሚያ ቤት አቆመ።

የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ ለቅሞ ገጽ ማሰናዳት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚፈልግ ያየው ሰው ያውቃል። ፍራንክሊን አንድ ታላቅ መጽሐፍ ሲያትም በየቀኑ የሚጨርሰውን መጠን ወስኖ ነበር። አንድ ማታ የቀኑን ሥራ ጨረስኹ ባለበት ጊዜ የተሰናዳው ፊደል ተናደና ሁለት ገጽ ተበተነ። ለነገ ሊያሳድረው ይችል ነበር፤ እርሱ ግን ፊደሉን ኹሉ ወደየቦታው መልሶ፥ እንደ ገና ለቅሞ ከጨረሰ በኋላ ተኛ። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ድረስ ሲሠራ፥ ማለዳም ከጎረቤቶቹ ቀድሞ ሥራ ላይ ሲገኝ ያዩት ሰዎች አመኑት፤ ከነጋዴዎችም አንዱ የጽሕፈት ዕቃ ሊያቀርብለት ፈቀደ።

ለቀኑም ሥርዐት አበጀለት። ሌሊት በ11 ሰዓት ይነሣል፥ ይታጠባል፥ ይጸልያል፥ በዚያ ቀን ምን በጎ ነገር እንደሚሠራ ያስባል። ከ2 ሰዓት እስከ 6 ይሠራል፤ በቀትር ምሳውን በልቶ መጽሐፍ ያነባል፥ ሒሳቡንም ይመረምራል። ከ8 እስከ 12 ደግሞ ይሠራል። ማታ ዕቃውን በየቦታው ያኖራል፥ ከወዳጆቹ ጋራ ይጫወታል፤ በ4 ሰዓት ከመተኛቱ በፊት የሠራውን በጎ ነገር ራሱን ይጠይቃል።

ከዚህም በላይ ትንሽ ደብተር ነበረችው። በርስዋ ላይ 13 በጎ ጠባዮችን ጽፎ፥ በእያንዳንዱ አንጻር ሰባቱን ዕለታት አሰመረ። የበደለበትን ማታ ማታ በጥቁር ነጥብ ያመለክት ነበር። በየሳምንቱም አንዱን ጠባይ ለይቶ ይጠባበቃል፤ እንዲህ አድርጎ በዓመት አራት ጊዜ ያዞራቸዋል። ነጥቡን እየፋቀ እንደ ገና ሲጽፍ ወረቀቱ ተበሳሳ፤ ስለዚህ በእርጥብ ስፖንጅ ወደሚጠረግ የዝሆን ጥርስ ገጽ ለወጠው።

ከኹሉ ያስቸገረው ዕቃንና ጊዜን በሥርዐት መያዝ ነበረ። በወጣትነቱ ማስታወስ ስለሚችል የዕቃው መዘበራረቅ አልጎዳውም፤ በሽምግልናው ግን ጉድለቱ ተሰማው፥ ይህንም ራሱ ጽፎ ተናዘዘ። በ1778 በፈረንሳይ አገር አብሮት የሠራው ጆን አዳምስ፥ ቁርሱ እንደሚዘገይና እንግዳ እንደሚበዛበት እያየ ተማረረበት። ነገር ግን ፍራንክሊን ደብተሩን አልጣለም፤ ፍጹም ባይሆንም ካልሞከረው ሰው እንደሚሻል ያምን ነበር።

ሌላ ነገር አለ፥ እርሱንም መሸፈን አይገባም። ከ13ቱ ጠባዮች አንዱ ቅን ፍርድ ነበረ። ዳሩ ግን ፍራንክሊን ለብዙ ዓመታት ባሮች ነበሩት፤ በጋዜጣውም የባሪያ ሽያጭ ማስታወቂያ ያትም ነበር። በዚያ መስመር ስለ እነርሱ ነጥብ ማኖር የጀመረው እጅግ ዘግይቶ ነው። በ1787 ባርነት እንዲቀር የሚሠራው የፔንሲልቫንያ ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነ። በ1790፥ ሊሞት ሁለት ወር ያህል ሲቀረው፥ የባሪያ ንግድ እንዲቆምና ባሮችም ነጻ እንዲወጡ የሚለምን አቤቱታ ፈርሞ ለአሜሪካ ምክር ቤት ላከ። ያን ጊዜ 84 ዓመቱ ነበረ።