ሻምበል ቻርሊ ፕሪቻርድ፤ ከራግቢ ሜዳ እስከ ጦር ምሽግ

ራግቢ ለብዙዎቻችን እንግዳ ስፖርት ነው። በዌልስ ግን ሕዝቡ ከልቡ የሚወደው ጨዋታ ነው። ቻርሊ ፕሪቻርድ ከዚህ ሕዝብ መካከል እ.ኤ.አ. በ1882 በኒውፖርት ከተማ ተወለደ። በከተማው ክለብ ተጫውቶ አምበል እስከመሆን ደረሰ። ከ1904 እስከ 1910 ድረስም 14 ጊዜ ለብሔራዊ ቡድን ተሰልፏል።

ስሙ ይበልጥ የገነነው ዲሴምበር 16 ቀን 1905 በካርዲፍ ነው። የኒውዚላንድ ቡድን በብሪታንያ የገጠመውን ሁሉ እያሸነፈ ነበር የመጣው። ከፊት ተሰላፊዎቹ አንዱ የነበረው ፕሪቻርድ ኳስ ይዞ የሚመጣውን ሁሉ እየያዘ መሬት ላይ ሲጥል ዋለ። ቴዲ ሞርጋን ባስቆጠረው ነጥብ ዌልስ 3 ለ 0 አሸነፈች። ኒውዚላንዶች በዚያ የብሪታንያ ጉዟቸው የተሸነፉት ይህንኑ ጨዋታ ብቻ ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ፕሪቻርድ በሳውዝ ዌልስ ቦርደረርስ 12ኛ ሻለቃ ሻምበል ሆነ። በኦገስት 1916 በሰሜን ፈረንሳይ፣ ከጠላት ምሽግ ምርኮኛ እንዲያመጡ የታዘዙ ወታደሮችን በሌሊት መርቶ ወጣ። በውጊያው ክፉኛ ቆሰለ። የጦር ጓዶቹ እንደመሰከሩት፣ የጠየቀው ስለ ቁስሉ ሳይሆን ምርኮኛው መያዝ አለመያዙን ነበር። መያዙን ሲነግሩት የድርሻውን እንደተወጣ ተናገረ። ኦገስት 14 ቀን በ33 ዓመቱ አረፈ፤ ሾክ በተባለው ቦታ በወታደሮች መካነ መቃብርም ተቀበረ።

የ1905ቱ ድል በተነሳ ቁጥር፣ ድሉን ካስገኙት አንዱ በፈረንሳይ አፈር መቅረቱም አብሮ ይታወሳል።