ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ ከመቅደላ አምባ እስከ ሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ

ከመካከላችሁ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ያለው ሰው ይህን ጽሑፍ ቶሎ ይረዳዋል። ልጁ በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ይማራል፤ ወደ ሕክምና፣ ወደ ፋርማሲ፣ ወደ ነርሲንግ ወይም ወደ ሌላ ክፍል የሚመደበው ከዚያ በኋላ ነው። እስኪመደብ ድረስ እናት ትጾማለች፣ አባት ስልኩን ከእጁ አይለይም፣ ለቤተ ክርስቲያንም የጸሎት ርዕስ ይደርሳል። ከመሐል ሜዳ፣ ከራቤል፣ ከዓለም ከተማ ወጥተው ደብረ ብርሃን የሚማሩ ልጆችን ስም ከመድረክ ላይ ስንት ጊዜ እንዳነበብሁ አላስታውስም።

ዛሬ ስለ አንድ ሰው ላጫውታችሁ። በዘመናዊ ሕክምና ሰልጥነው ሐኪም በመሆን የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ስለሆኑት ስለ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ። ስማቸውን ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ ግን በተለይ እንድታዩልኝ የምፈልገው ሐኪም ከመሆናቸው በፊት ያለውን ዘመን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ወርቅነህ የተወለደው በ1865 ግድም በጎንደር ነው። በዚያው ዓመት የሸዋው ልጅ ምኒልክ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ታስሮ ከቆየበት ከመቅደላ አምልጦ ወደ አባቱ አገር ገባ፤ እነዚህ ሁለት ሰዎች ኋላ ስለሚገናኙ ይህን ያዙልኝ። በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሰብሮ ሲገባ፣ ንጉሡም ራሳቸውን ሲሠዉ፣ የሦስት ዓመቱ ሕፃን በአምባው ላይ ከወላጆቹ ተለይቶ ተገኘ። ቻምበርሌን የሚባል አንድ የእንግሊዝ መኮንን አንሥቶ ይዞት ወደ ሕንድ ሄደ። በዚያው ጊዜ የንጉሡን ልጅ ልዑል ዓለማየሁን ወደ እንግሊዝ አገር ወስደውት ነበር፤ እርሱም በ1879 ገና በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በባዕድ ምድር ዐረፈ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እኛ የወንጌል አማኞች እንዲህ ያለውን ታሪክ ስንተርክ ወዲያው ወደ መልካሙ ፍጻሜ መሮጥ እንወዳለን። አንድ ሕፃን ከእናቱ ጉያ በጦርነት መወሰዱ ግን በኋላ ሐኪም ስለሆነ መልካም ሥራ አይባልም። የዮሴፍ ወንድሞች ያደረጉት ክፉ ነበረ፤ እግዚአብሔር ለበጎ ማድረጉ የእነርሱን እጅ አያነጻም።

ቻምበርሌን ልጁ ገና ትንሽ ሳለ ሞተ። ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ተቀበለ። ልጁም በሁለቱ አሳዳጊዎቹ ስም ቻርልስ ማርቲን ተባለ፤ ወርቅነህ የሚለው ስም ጠፋ፣ አማርኛውም ጠፋ። በአምሪትሳር ከተማ በነበረው የወንጌል መልእክተኞች ትምህርት ቤት ገብቶ ተማረ።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። በላሆር ከተማ በ1860 የተቋቋመ የሕክምና ትምህርት ቤት ነበረ። ወደዚያ ለመግባት እንግሊዝኛ ማወቅ፣ ስሌት መቻል፣ ከመጽሐፍ ጋር መለማመድ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ልጁ ላሆር ሲደርስ አልጀመረውም፤ ስማቸው ያልተመዘገበ የአምሪትሳር አስተማሪዎች ቀን በቀን አስጨብጠውታል። ደጁን ሲያንኳኳ የሚጠየቀውን ይዞ ነበር። በ1882 ተመረቀ፤ ያኔ ዕድሜው ዐሥራ ሰባት ዓመት ቢሆን ነው።

ከዚህ በኋላ አንቱ ልበላቸው። ወጣቱ ሐኪም በዚያ ማዕረግ አልረኩም። በ1890 ግድም ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው በኤድንብራ ተጨማሪ ትምህርት ተማሩና የብሪታንያን የሐኪምነት ፈቃድ ያዙ። ከዚያም በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በነበረችው በበርማ ሐኪም ሆነው ተቀጠሩ። ደመወዝ አላቸው፣ ክብር አላቸው፤ ወገን ግን የላቸውም።

በ1896 የዓድዋ ድል ወሬ ዓለምን ሲያናውጥ እርሳቸውም በበርማ ሆነው ሰሙ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1899 ፈቃድ ወስደው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። አዲስ አበባ ድንኳን ተክለው ሕመምተኛ ያክሙ ጀመር። ከመቅደላ ያመለጠው ያ ልጅ አሁን ዐፄ ምኒልክ ነው፤ ከመቅደላ የተወሰደውም ሕፃን በፊቱ ቆመ። ወሬው ሲሰማ አያታቸው መጡ። በልጅነቱ በገላው ላይ የቀሩትን ጠባሳዎች አይተው የልጅ ልጃቸው መሆኑን አወቁ፤ ስሙ ወርቅነህ እንደሆነም ነገሩት። ዮሴፍ ወንድሞቹን በአስተርጓሚ እንዳነጋገረ ሁሉ ሐኪሙም ወገኖቻቸውን የሚያነጋግሩት በአስተርጓሚ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት የሆናቸው ሰው አማርኛን እንደ ሕፃን ከሀ ጀምረው ተማሩ።

በበርማና በኢትዮጵያ መካከል ሲመላለሱ ብዙ ዓመት አለፈ። ከ1908 ጀምሮ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ሠሩ፤ የታመሙትን ዐፄ ምኒልክንም አክመዋል። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። በ1919 ጡረታቸውን አስከብረው ወደ አገራቸው ጠቅልለው ገቡ።

አሁን እናንተን ልጠይቃችሁ። ሐኪም በማይበዛበት አገር የሚኖር ሐኪም ጊዜውን በምን ቢያሳልፍ ይሻላል? ሕመምተኛ ሰልፍ ይዞ ይጠብቃል። ሐኪም ወርቅነህ ግን በ1925 የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የበላይ ኃላፊ ሆኑ። ነጻ ለወጡ ባሮችም ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ደከሙ። የዓለም ጂኦግራፊ የሚያስተምር መጽሐፍ በአማርኛ አዘጋጁ። በጊዜው አንዳንድ ሰው ሐኪሙ ሥራቸውን ጥለው ወደማይመለከታቸው ገቡ ብሎ አስቦ ይሆናል። እኔ ግን የአምሪትሳርን ክፍል አልረሱም እላለሁ። በኢትዮጵያ ሌላ ሐኪም እንዲገኝ ከተፈለገ የሕክምና ትምህርት ቤት ከመሠራቱ በፊት ለዚያ ደጅ የሚበቃ ልጅ መገኘት አለበት። ዳንኤልና ጓደኞቹም በንጉሡ ፊት ከመቆማቸው በፊት ሦስት ዓመት ተምረዋል።

ይህ ትምህርት ቤት ያፈራውን ታውቃላችሁ። ከጣልያን መባረር በኋላ በዚያ ከተማሩት ልጆች አንዱ አሥራት ወልደየስ ነው። እርሱም እንደ ሐኪም ወርቅነህ ወደ ኤድንብራ ሄዶ ሕክምና ተማረና ስመ ጥር የቀዶ ሕክምና ሊቅ ሆነ። ዛሬ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የእኛ ልጆች ለመግባት የሚጨነቁበት የጤና ሳይንስ ካምፓስ በፕሮፌሰር አሥራት ስም ይጠራል። ልጆቻችሁ በዚያ በር ሲገቡ ይህን ንገሯቸው።

በሌላም መንገድ የሄደ ነበር። በ1900 በወሎ የተወለዱት ዶክተር መላኩ በያን በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ግዛት ኮሌጅ ተምረው፣ ከዚያ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጠኑ። እንደ አሜሪካ ሥርዓት መጀመሪያ ኮሌጅ፣ ቀጥሎ የሕክምና ትምህርት ቤት። እኛም አገር እንዲህ ያለው አሠራር እንግዳ አይደለም፤ በ2012 በተጀመረው አዲስ የሕክምና ትምህርት ዕቅድ በሌላ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዙ ሰዎች ተፈትነው ወደ ሕክምና ገብተዋል።

ወደ ሐኪሙ ልመለስ። በ1930 የጨርጨር ገዥ ሆኑ፤ በ1935 በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ስለ ወረራው ጮኹ። በለንደን ሳሉ መርዶ መጣባቸው። በእንግሊዝ አገር ተምረው መሐንዲስ የሆኑት ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም በ1937 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በፋሺስቶች ተገደሉ። እርሳቸው ያን ጊዜ ሰባ ዓመት አልፏቸው ነበር። ስለዚህ ሐዘን ብዙ ቃል ማብዛት አልወድም። በ1942 ወደ አገራቸው ተመለሱ፣ በ1952 በአዲስ አበባ ዐረፉ።

ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር። እኔም በልጅነቴ ሐኪም መሆን እመኝ ነበር። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል የኬሚስትሪ አስተማሪያችን ተዛውሮ ሌላ ሳይተካ ግማሽ ዓመት አለፈ። ማትሪክ ስንፈተን ከመጽሐፉ ሁለተኛ አጋማሽ የመጣውን ጥያቄ እንደ ሎተሪ ገመትነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች በፈተናው ሰሞን ሦስት ቀን ጾሙልን፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ከልባቸው ነበር። ከመካከላቸው ግን ኬሚስትሪ የሚያስተምር የመንግሥት ሠራተኛ እንደነበረ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እርሱም አልተጠየቀም፣ እኛም አልጠየቅነውም። አገልግሎቱ መዘምራንን ማስተባበር ነበር።

የዛሬዎቹ ልጆች የባሰ አለባቸው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2022 ከተፈታኞቹ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2021 ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ ዘልቆ ነበር፤ ከ2023 ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በመንዝ ብርድ ጋቢ ለብሳ በኩራዝ የምታነብ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ በአዲስ አበባ ከተማረው ልጅ ጋር አንድ ክፍል ትቀመጣለች፤ ለሕክምናም የምትወዳደረው ከእርሱ ጋር ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ወራት እንደ ነፋስ ያልፋሉ። እንግሊዝኛው ከብዷት፣ ቤተ ሙከራ ገብታ የማታውቅ ልጅ ያንን ጊዜ ብቻዋን እንድታልፍ እንተዋታለን፣ ውጤቱ ሲወጣ ግን የእግዚአብሔር ፈቃድ አልነበረም እንላታለን። ይህን ቃል ስናገር እኔም ነበርኩበት።

በየአጥቢያችን በሳምንቱ መካከል ባዶውን የሚውል አዳራሽ አለ። ጥቁር ሰሌዳ ርካሽ ነው። ከምእመናን መካከል ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ የሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ አይጠፋም፤ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢሰጡ ለአዲስ ገቢዎቹ ብዙ ነው። የእኛን ቤተ እምነት ልጆች ብቻ አስጠኑ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ የአምሪትሳሩ ክፍልም መጀመሪያ ወርቅነህን ማን ነህ ብሎ አልመለሰውም።

ሐኪም ወርቅነህ ካረፉ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1954፣ የጤና ባለሙያዎችን የሚያሰለጥን ኮሌጅ በኢትዮጵያ ተከፈተ። የተከፈተውም በተወለዱበት በጎንደር ከተማ ነው። በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲው እስከተቋቋመበት እስከ 1964 ድረስ ግን ሐኪም መሆን የሚፈልግ ተማሪ በአዲስ አበባ ሳይንስ ተምሮ፣ ለሕክምናው እንደ ቤይሩት ወዳለ ሩቅ አገር ይሻገር ነበር።