አለቃ ገብረ ሐና

አለቃ ገብረ ሐና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩ የቅኔና የአቋቋም ሊቅ ነበሩ። ሕዝቡ ግን ከሊቅነታቸው ይልቅ በቀልዳቸው ያውቃቸዋል። የተወለዱት በፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ ሲሆን በጎንደር በአታ ለማርያም አስተምረዋል። ከአፄ ቴዎድሮስና ከአፄ ምኒልክ ጋር ተነጋገሩ እየተባለ ብዙ ጨዋታ ይወራል። ሁሉም የእሳቸው ነው ማለት አይቻልም፤ ባለቤት ያጣ ቀልድ ሁሉ በእሳቸው ስም ይነገራልና።

ቀልዳቸውና የቃል ድምፅ

አለቃ ለቀልድ የተጠቀሙበት መሣሪያ ከቅኔ ቤት የተማሩት ሰምና ወርቅ ነው። ሁለት ትርጉም በአንድ ንግግር የሚደበቀው አንዳንድ ጊዜ ኅብረ ቃል በመምረጥ፣ አንዳንድ ጊዜ ቃሉን ለሁለት ከፍሎ ወይም ሁለቱን ቃል ገጥሞ በማንበብ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ድምፁን በማጥበቅና በማላላት ነው።

የመጨረሻው የቀለምን (የክፍለ ቃልን) ክብደት ይለውጣል። ለምሳሌ «ይበላል» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ሲላላ ይ-በ-ላል ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀለሞች በአናባቢ ስለሚያልቁ ቀላል ናቸው፤ ትርጉሙም ምግቡን የሚበላውን ሰው ይመለከታል። «በ»ና «ላ» ሲጠብቁ ግን ይብ-በል-ላል ይሆናል። አሁን ሦስቱም ቀለሞች በተነባቢ ተዘግተው ከባድ ሆነዋል፤ በሊው ቀርቶ የሚናገረው ስለ ተበላው ነገር ነው። ፊደሉ ግን አንድ ነው።

በቃል ለሚጫወት ሰው ይህ ልዩነት የአፍታ ያህል ብቻ ነው፤ አድማጩ አንዱን ሰምቶ ሌላውን ይጠረጥራል። በመጽሐፍ ሲታተም ግን አንባቢው ሁለቱንም ንባብ ራሱ መሞከር አለበት። ካልሞከረ ቀልዱ ያመልጠዋል። ዩኒኮድ ለጥብቀት የሚሆን ምልክት ቢኖረውም በተለመደው የአማርኛ ጽሑፍ እምብዛም አይታይም (ለቀልድ ቢጻፍማ ወርቁን አስቀድሞ ያጋልጣል)።

አቋቋም

በቤተ ክርስቲያን ስማቸው የሚጠራው «ተክሌ» በሚባለው የአቋቋም ስልት ነው። በትውፊት እንደሚነገረው የጣና ሐይቅን ማዕበል እንቅስቃሴ አይተው፣ ካህናቱ መቋሚያ ይዘው ወደ ጎንና ወደ ጎን የሚወዛወዙበትን ሥርዓት አወጡ። የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን ስልት ወዲያው እንዳልተቀበሉት ይነገራል። ስያሜውን ያገኘው ከልጃቸው ከተክሌ ሲሆን፣ ያስፋፋውም እሱ ነው። ዛሬም የተክሌ አቋቋም ማስመስከሪያ ደብረ ታቦር ነው፤ የጎንደሩ ደግሞ አለቃ ራሳቸው ያስተማሩበት በአታ ለማርያም ነው።