ቻርለስ ሚንገስ፤ ከኋላ ቆሞ የሚነዳው ባሲስት

የዘፋኙን ስም ሁላችንም እናውቃለን። ሳክስፎኑን የነፋውን፣ ኪቦርዱን የተጫወተውን የሚያስታውሱም አይጠፉም። ባሱን ማን ይዞ እንደነበር ግን ጠይቁ፤ ጠረጴዛውን የከበበው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ይተያያል። የካሴቱ ሽፋን ላይ እንኳ ስሙ ተፈልጎ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ዛሬ የማነሳው ሰው ይህን ዕጣ አልቀበልም ያለ አሜሪካዊ የጃዝ ባሲስት ነው፤ ቻርለስ ሚንገስ።

ሚንገስ እ.ኤ.አ. በ1922 በአሪዞና ግዛት፣ ኖጋሌስ በተባለች የድንበር ከተማ ተወልዶ ያደገው ሎስ አንጀለስ ዋትስ ሰፈር ነው። በልጅነቱ የተማረው ቼሎ ነበር። በዚያ ዘመን ግን አንድ ጥቁር ልጅ ቼሎ ይዞ በክላሲካል ኦርኬስትራ ውስጥ የመቀመጥ ተስፋው እጅግ የመነመነ ስለነበር፣ ጓደኛው ቡዲ ኮሌት ቆሞ ወደሚጫወቱት ትልቁ ባስ እንዲዞር መከረው። ቀደም ሲል በኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ ይጫወት ከነበረ መምህር ዘንድም ለዓመታት ተማረ። ከዚያ በኋላ ከሉዊ አርምስትሮንግ፣ ከላየኔል ሃምፕተንና ከሬድ ኖርቮ ጋር ሠርቷል።

ባስ ምን እንደሚሠራ ለሚጠይቁኝ ሰዎች የምሰጠው ምሳሌ የቆቦን ከበሮ ነው። በወጣትነቴ ለክርክር ወደ ቆቦ ስመላለስ የራያን ሠርግ ለማየት በቅቻለሁ። ጎረምሳው ዱላውን ይዞ ሲዘል፣ ጭብጨባው ሲደምቅ፣ የሰው ዓይን የሚሄደው ወደ ጨፋሪው ነው። ከበሮ መቺዋ ትንሽ ስታፈጥን ግን ክቡ በሙሉ ይፈጥናል፤ ስታዘገይ ያዘግማል። ሚንገስም ይህንኑ ያደርግ ነበር፤ በአንድ ዜማ መሐል ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ባንዱን ወደፈለገበት ይወስደዋል። ደስ ካላለውም መድረክ ላይ ጨዋታውን አስቁሞ ተጫዋቹን፣ አንዳንዴም የሚያወራውን ታዳሚ ይቆጣል።

ሕግ ለተማርነው ሰዎች ይበልጥ የሚስበው ግን የመብቱ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ከድራመሩ ማክስ ሮች ጋር ሆኖ ደቡት የተባለ የራሱን የሸክላ ኩባንያ አቋቋመ። ሥራችንን ለሌላ አሳልፈን ከምንሰጥ እኛው እናሳትመው ማለቱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ቶሮንቶ በሚገኘው ማሲ አዳራሽ ከቻርሊ ፓርከር፣ ከዲዚ ጊሌስፒ፣ ከባድ ፓወልና ከራሱ ከሮች ጋር ያቀረቡትን ኮንሰርት ያሳተመው ይኸው ኩባንያ ነው። ፓርከር ከሌላ ኩባንያ ጋር ውል ስለነበረው ሽፋኑ ላይ ስሙ ቻርሊ ቻን ተብሎ ወጣ። በቅጂው ላይ ባሱ በደንብ ስላልተሰማ ደግሞ ሚንገስ ስቱዲዮ ገብቶ የራሱን ድርሻ እንደገና ደረበበት። ባሲስቱ የኩባንያው ባለቤት ሲሆን እንዲህ ነው!

በዚያው በ1953 ከዱክ ኤሊንግተን ባንድ ተባረረ። ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ በአፄ ኃይለ ሥላሴ የተሸለመው፣ የእኛው ሙላቱ አስታጥቄም አብሮት የተጫወተው ታላቅ ሰው ነው። ሚንገስ እንደ አባት ያከብረው ነበር፤ ከአንድ የባንዱ አባል ጋር ተደባድቦ ነው የተሰናበተው።

በ1957 የአርካንሳው ገዥ ኦርቫል ፎበስ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ወደ ሊትል ሮክ ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ወታደር አሰልፎ ነበር። ሚንገስ ገዥውን በስሙ እየጠራ የሚሳለቅ ሥራ ደረሰ። ኮሎምቢያ ኩባንያ በ1959 ያወጣው ያለ ግጥም፣ በሙዚቃ ብቻ ነው። በማግስቱ ዓመት ሚንገስ በሌላ ትንሽ ኩባንያ ርዕሱን አሻሽሎ ከነግጥሙ አስቀረጸው።

ቁጣው ግን ዘረኞች ላይ ብቻ አልቆመም። በ1962 ለአንድ ትልቅ ኮንሰርት ሲዘጋጅ የቅርብ የሥራ ባልደረባውን፣ የትሮምቦን ተጫዋቹን ጂሚ ኔፐርን በቡጢ መትቶ ጥርሱን ሰበረው። ለትሮምቦን ነፊ ጥርስ እንጀራው ነው። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አለው፤ ቅጣቱ ግን በገደብ ታለፈ። አድናቂዎቹ ይህን እንደ ሊቅነት ምልክት ሲያወሩት እሰማለሁ፤ እኔ አልስማማም። በራያ ቆቦ ደመኞችን የሚያስታርቅ ዘወልድ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ፤ በዳይ ሊቅ ነው ተብሎ የተበዳይ ካሳ አይቀርም። ደግነቱ ኔፐር ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ከሚንገስ ጋር ተጫውቷል።

በ1966 ከኒው ዮርክ ቤቱ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ተባረረ፤ ዕቃውና ባሱ መንገድ ላይ ሲወጣ የሚያሳይ ፊልም አለ። በ1977 ጡንቻን የሚያዝል የማይድን በሽታ ተገኘበት። ጣቶቹ አልታዘዝ ሲሉት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቴፕ መቅረጫ እያንጎራጎረ ይደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 1979 ሜክሲኮ ውስጥ በ56 ዓመቱ አረፈ። አመዱን ባለቤቱ ሱ ጋንጅስ ወንዝ ላይ በተነችው።

ከሞቱ አሥር ዓመት በኋላ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚወስደው ኤፒታፍ የተባለ ሥራው በ30 ሙዚቀኞች ኒው ዮርክ ላይ ቀረበ። በ1993 ደግሞ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የኖታ ወረቀቶቹን ገዛ።

በእኛ አገር በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደራሲው የራሱ ድንጋጌዎች ነበሩት። የተጫዋቹ መብት በግልጽ የተደነገገው ግን በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ነው። ያ ባሲስትም በዚህ ሕግ ባለመብት ነው፤ መጀመሪያ ግን ስሙ መጻፍ አለበት።

ሱ ሚንገስ ባሏ ከሞተ በኋላ የያዘችው መንገድ ሌላ ነበር። ፓሪስ ውስጥ ሸክላ ቤት ገብታ፣ የባሏን ሥራ ያለ ፈቃድ የተባዛውን ከመደርደሪያው እያነሳች ሳትከፍል ትወጣለች። ጥብቅና የሚያውቅ ሰው ይህን አይመክራትም። ቆይታም የተሰረቁትን ቅጂዎች ራሷ በርካሽ የምታሳትምበት ኩባንያ አቋቋመች፤ ስሙንም በቀል አለችው።