ሰላምን የወደዱ፣ ግፍን ያልታገሡ

እንግሊዛዊቱ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በ1874 ዓ.ም. በማንቸስተር ተወለዱ። የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት በመቃወማቸው፣ ጦርነቱን ከደገፉት ከእናታቸው ከኤመሊን ጋር ተለያዩ፤ በ1913 ዓ.ም. ደግሞ በጋዜጣቸው በወጡ ጽሑፎች ምክንያት ታሰሩ።

ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ግን ወራሪው እንዲገታ አጥብቀው ጠየቁ። ይህም ከቀድሞ አቋማቸው ጋር የሚጋጭ መሰለ። የጅባትና ሜጫ አርበኞች በዱር በገደሉ ሲዋደቁ፣ እርሳቸው በ1928 ዓ.ም. በመሠረቱት ጋዜጣ የሕዝባችንን ጩኸት ለዓለም አሰሙ።

በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው ኖሩ። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ዕለት ዐርፈው፣ ሃይማኖተኛ ባይሆኑም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ግፍን እያዩ ዝም ማለት ሰላምን መውደድ እንዳልሆነ ሕይወታቸው ያስተምረናል።