ከሮም በኋላ የአበበ ቢቂላ ሕይወት

የሻምበል አበበ ቢቂላን ስም በስብከት መካከል ሳትሰማ አትቀርም። ዕብራውያን ምዕራፍ 12 በተነበበ ቁጥር ሰባኪው ሮምን ያነሣል፣ በባዶ እግሩ የሮጠውን ወታደር ያስታውሳል፣ ጉባኤውም እልል ይላል። ታሪኩ ግን እዚያው ላይ ይቆማል። አበበ ከሮም በኋላ 13 ዓመት ኖሯል። የመጨረሻዎቹን አራት ዓመት ተኩል ያሳለፈው እግሮቹን ማንቀሳቀስ ሳይችል እንደሆነ ታውቅ ይሆን?

አበበ በ1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። በዲንሾና በጎባ የምትኖሩ ወገኖች አገሩን ለመገመት አትቸገሩም፤ እንደ እናንተው ብርዳም ደጋ ነው። በወጣትነቱ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ተራ ወታደር ሆነ። በባሌ ወታደር ሲባል ለሁሉም መልካም ትዝታ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ከ1955 ዓ.ም. ገደማ እስከ 1962 ዓ.ም. በመሬትና በግብር ምክንያት የተነሣውን ዐመፅ ለማጥፋት ጦር የዘመተበት አገር ነው። አበበን የምናውቀው ግን በጠመንጃው አይደለም። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን አይቶት ለሩጫ አዘጋጀው።

የሮሙ ማራቶን የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማለትም በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። ውድድሩ አመሻሽ ላይ ስለተጀመረ የጣሊያን ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። የተወሰደብን የአክሱም ሐውልትም በዚያው መንገድ አጠገብ ቆሞ ነበር (የተመለሰልን በ1997 ዓ.ም. ነው)። አበበ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገብቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። አንዳንድ ሰባኪዎች ጫማ መግዣ አጥቶ ነው ይላሉ፤ እንደዚያ አይደለም። ጫማ ቀርቦለት ነበር፣ ግን አልተመቸውም፤ በባዶ እግር መሮጥንም ለምዶታል።

ተራው ወታደር አገሩ ሲገባ ጃንሆይ ሸለሙት፣ አሥር አለቃም ሆነ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ የክብር ዘበኛ አዛዥ መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ብዙ የክብር ዘበኛ ባልደረቦች ተገደሉ፣ ታሰሩ። በነገሩ ያልነበረበት አሥር አለቃ አበበም ለጥቂት ጊዜ ታስሮ ተጠየቀና ተለቀቀ። ትናንት በአደባባይ የተጨበጨበለት ሰው ነው እንግዲህ!

በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው በድጋሚ አሸነፈ። ማራቶንን በኦሎምፒክ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፣ የመኮንንነት ማዕረግም አገኘ። በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ግን እግሩን ስለታመመ አቋርጦ ወጣ፤ ወርቁን ያመጣው የክብር ዘበኛ ባልደረባው ማሞ ወልዴ ነው።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ምሽት ሸኖ አካባቢ ቮልስዋገኑ ተገለበጠች። እስኪነጋ ድረስ መኪናዋ ውስጥ ተይዞ ቆየ። ወደ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወስዶ ወራት ታከመ፤ እጆቹ ዳኑ፣ እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

ወገኔ፣ እዚህ ላይ ቆም በልልኝ። አበበ የእኛ ቤተ ክርስቲያን አባል እንደነበረ አድርገን ልናወራ አይገባም። ነገር ግን ስለ አደጋው ሲጠየቅ፣ ድሉን ከእግዚአብሔር ፈቃድ እንደተቀበለ ሁሉ ይህንንም እንዲሁ እንደተቀበለ ተናግሯል። ለሚስቱ የመለሰውን የኢዮብን መልስ ታስታውሳለህ? እኛስ በመድረክ ላይ የምንመሰክረው የትኛውን ብቻ ነው? ፈውስ ያላገኘ ወንድማችን በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ከኋላ ወንበር ሲያዳምጠን ምን ይሰማው ይሆን?

አበበ ቤቱን ዘግቶ አልተቀመጠም። በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል ውድድር ቀስት ወረወረ፣ ጠረጴዛ ቴኒስ ተጫወተ። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ በውሻ በሚጎተት መንሸራተቻ ተወዳድሮ አሸነፈ። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሎምፒክ በክብር እንግድነት ተገኘ።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ምክንያት በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ጃንሆይ በተገኙበት አዲስ አበባ በሚገኘው የቅዱስ ዮሴፍ መቃብር ተቀበረ። ሲሞት ማዕረጉ ሻምበል ነበር።