የእንዶዱ ሊቅ ዶ/ር አክሊሉ ለማ

እኔ የሰሜን ተራሮች ልጅ ነኝ። ደባርቅም ሆነ ከራስ ዳሸን ሥር ባለችው አምቢኮ፣ እንዶድ ለእናቶቻችን የልብስ ሳሙና ነበር። ወቅጠው ጋቢና ነጠላ ሲያጥቡበት አረፋው ውሃውን ሲሸፍነው እያየን አደግን። ከአረፋው በታች ምን እንደሚሆን ግን አልጠየቅንም። የጠየቁት ዶ/ር አክሊሉ ለማ ናቸው።

አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1935 በጅጅጋ ተወለዱ። አሜሪካ ተሻግረው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 ቢልሃርዚያን ሊያጠኑ ዐድዋ ሄደው፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አገኙ። የቢልሃርዚያ ትል ወደ ሰው ከመዛመቱ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ አለበት። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከሞተ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል።

እ.ኤ.አ. በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ ዛሬ ተቋሙ በስማቸው ይጠራል። ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ በተካሄደው ሙከራ የበሽታው ስርጭት ከ63 ወደ 34 በመቶ ወረደ። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ንጥረ ነገርም በእሳቸው ስም ለማቶክሲን ተባለ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተጓተተ። በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘን ውጤት የውጭዎቹ ተቋማት በቀላሉ የሚያምኑት አልሆነም። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የመርዛማነት ፍተሻ በላይ በላዩ ይጠየቅ ነበር። አክሊሉ ግን ሳይታክቱ ዓመታት ተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶ/ር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ አረፉ።

እሳቸውን ያስታወሰኝ የአጎቴ ነገር ነው። ሰገራው ላይ ደም ሲያይ አንድ ጊዜ ኪንታሮት፣ ሌላ ጊዜ አሜባ እየተባለ መድኃኒት ይሰጠው ነበር። አንጀቱን በኮሎኖስኮፒ ያየለት ሐኪም ሲገኝ ካንሰሩ ጉበቱ ደርሶ ነበር።

ደም የበሽታ ስም አይደለም። የቢልሃርዚያ እንቁላልም የአንጀትን ግድግዳ ሲሰረስር ያደማል፤ እሱን ማይክሮስኮፕ ያሳያል። ለአንጀት ካንሰር የሚደረገው የሰገራ ምርመራ ደግሞ ዓይን የማያየውን ደም ይለያል፤ ደሙ ከየት እንደመጣ ግን አይናገርም። ስለዚህ ደም ከተገኘ ቀጣዩ እርምጃ ኮሎኖስኮፒ ነው። በአብዛኛው ምርመራው ምንም ሕመም ለማይሰማው ሰውም ከ45 ወይም ከ50 ዓመት ጀምሮ ይመከራል። በጊዜ ከተደረሰበት እብጠቱን ካንሰር ሳይሆን ቆርጦ ማውጣት ይቻላል።

የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች ከአክሊሉ በፊትም ያየ አይጠፋም። እሳቸው ግን አይተው አላለፉም። አጎቴም እንዲህ ያለ ሰው በጊዜ ቢያገኝ ኖሮ እላለሁ።